የሙሽራ እናት ትከሻ

«ልጅቷ ዛሬና ነገ ኩሽና ትደር፣ ለሷ ምኗም አይደል። ክፍሏን ለማዳም ውቢ ልቀቁላት።»

ማዳም ውዳድ ይህን ለዘበኛቸው በሶማሌኛ ሲናገሩ ሻንጣዬን ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ማዳም ውቢ የሚሏት እንግዲህ እኔ ነኝ። ስሜ ውብነሽ ነው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 ተወልጄ ያደግሁ፣ ካርቲየ 3 የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምሸጥበት ሱቅ ያለኝ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ ነኝ። ሱቄን ቡቲክ፣ እኔን ማዳም ውቢ ያሉኝ ፈረንጅ ደንበኞቼ ናቸው፤ ስሙን እኔም ወደድኩት፣ አልዋሽም። የሰው ሠራተኛ ከመኝታዋ አስነስቶ መተኛት ደስ ባይለኝም ዘበኛ ፊት ክርክር መጀመር አሳፈረኝ። ደግሞም ለሁለት ቀን ስታዥ፣ ለጭፈራ ሥልጠና ማለቴ ነው፣ ከነምግቡ ከነመኝታው፣ ሃያ አምስት ሺህ ፍራንክ ከፍያለሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች ቀደም ብለው መጥተው ፎቅ ያሉትን ክፍሎች ይዘዋል። እኔ እንደ ልማዴ መጨረሻ ደረስኩ፣ ስለዚህ የተሰጠኝን ወሰድኩ።

ክፍሉን ልታሳየኝ የመጣችው ልጅ አልጋነሽ ነበረች። አልጋነሽ የአበሩ ልጅ ናት። አበሩ ደግሞ የአባቴ ልጅ፣ ኮምቦልቻ የምትኖር እህቴ።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «እንደምን አደሩ ማዳም፣ በዚህ በኩል ነው» አለችኝ፤ አይታኝ እንደማታውቅ፣ ከመንገድ እንደመጣ ማንኛውም እንግዳ። ከኋላዬ ማዳም ውዳድ በፈረንሳይኛ «የሀገርሽ ልጅ ናት፣ በቋንቋችሁ ትግባባላችሁ» አሉ። ያን ጊዜ ነበር «የእህቴ ልጅ እኮ ናት!» ብዬ አንገቷን አቅፌ መሳም የነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በቀለለ ነበር። እኔ ግን «ጥሩ ነው» ብቻ አልኩና ተከተልኳት።

ከሁለት ዓመት በፊት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ የተቀበልኳት እኔው ነኝ። አበሩ በስልክ «አደራሽን ውቤ፣ ልጄ ልጅሽ ናት» ስትለኝ «ኧረ ምን ነካሽ፣ ይሄ ይነገረኛል?» ብዬ አፌን ሞልቼ መልሼላታለሁ። ዘጠኝ ቀን ቤቴ ተቀመጠች፤ በዐሥረኛው ቀን ለደላላ ሰጠኋት። ቤቱ ጠበበ አልኩ፤ ልጄ ፅዮናዊት ጓደኞቿን ማምጣት አልቻለችም አልኩ፤ ልጅቷም ሥራ ብላ ነው የመጣችው አልኩ። ሰው ሰበብ ሲፈልግ መቼ ያጣል! ደላላው «ኤሮን ሰፈር አንድ ዐረብ ቤት አስገብቻታለሁ፣ ደህና ሰዎች ናቸው» ሲለኝ የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ከጠየቅሁ መሄድ ይመጣል። ኤሮን ከሱቄ በታክሲ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያንን ታክሲ አልያዝኩም።

ክፍሉ ከኩሽናው ጀርባ ነው። አልጋና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከያዘ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ አንድ እርምጃ ነው። ልብሷ በሁለት ፌስታል ታጥፎ አልጋው ሥር ተገፍቷል፤ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከጎኑ በምስማር የተሰቀለ ነጠላ። ነጠላውን አወቅሁት። ጥለቱ ላይ ክሩ ስቶ ሸማኔው የተሳሳተበት፣ ስድስት ወር ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚገዛው ያጣ ነጠላ ነበር፤ ስሸኛት «ለቤተ ክርስቲያን ይሁንሽ» ብዬ የሰጠኋት እሱን ነው። አሁን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። አልጋነሽ አንሶላውን ቀይራ ስታበቃ «ማቀዝቀዣ ክሊሙ እዚህ የለም፤ ማራገቢያው ግን ይሠራል» አለችኝና ወጣች። ደግነቱ ጥር ነው፤ ጅቡቲም በጥር ለሰው ትራራለች።

ስታዡን የተመዘገብኩበት ምክንያት ሲወራ ያስቃል። ልጄ ፅዮናዊት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ትዳራለች። ሙሽራው የአቶ ከበበው ልጅ ነው፤ አቶ ከበበው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱ ብዙ ከባድ መኪኖች ያሏቸው ሰው ናቸው። የቀለበቱ ዕለት ተነሺ ተብዬ ተነሳሁና እስክስታ መታሁ መሰለኝ። አንዱ በስልክ ቀርጾኝ ኖሯል፤ ትከሻዬ ገትሮ፣ አንገቴ ብቻ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ የወንዱ ቤት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሲስቁ ይታያል። ልጄ አይታው ስታበቃ «እማዬ፣ በሞቴ፣ ሠርጉ ላይ አትነሺ» አለችኝ። የሙሽራ እናት ቁጭ ብላ ከዋለች ደግሞ አማቿን አልወደደችውም ይባላል። ስለዚህ ዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ «የኢትዮጵያ ክራርና ጭፈራ፣ ለአዋቂዎች፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ከነመኝታው» የሚል ወረቀት ሳይ ስልኩን ቀድቼ ሄድኩ። ለልጄ አርታ ከተማ ያለች ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ ብያታለሁ።

ትምህርቱ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ። ስድስት ነን፦ ሁለት ፈረንሳዊ ሴቶች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና ሚስቱ፣ ሙሐመድአሚን የሚባሉ ከጉምሩክ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ እና እኔ። ሙሐመድአሚን ለክራር ነው የመጡት፤ ጫት ላይ ሆነው የሚጎረጉሩት ነገር ይፈልጋሉ። አስተማሪው በእምነት የሚባል፣ በባቡር ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ክራሩንም ጭፈራውንም እሱው ነው የሚያስተምረው፣ የሚቆጥረው ግን በፈረንሳይኛ ነው፣ አን፣ ደ፣ ትርዋ። አንደኛዋ ፈረንሳዊት አጠገቤ ቆማ «አንቺማ ምን ችግር አለብሽ፣ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ሰዓት አልፈጀም፤ ከስድስታችን ግትሯ እኔ መሆኔ ታወቀ። ፈረንሳዊቷ እንኳ የሆነ ነገር ሲነቃነቅላት እኔ እንደ ቁም ሳጥን ቆሜ ቀረሁ። በእምነት «ማዳም ውቢ፣ ትከሻ ነው እንጂ አንገት አይደለም» ይለኛል በትሕትና። በውስጤ «አንተ ልጅ፣ አውቄው ቢሆን ሃያ አምስት ሺህ ፍራንክ ምን አስከፈለኝ!» እላለሁ።

በዚህ መሃል አልጋነሽ ውሃ ይዛ ገባች። በእምነት ክራሩን እየመታ ነበር፤ ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ስታስቀምጥ ትከሻዋ ሳታውቀው ከክራሩ ጋር መለስ ቀለስ ሲል አየው። «ነይ እስቲ እህቴ» አላት። እሷ ማዳም ውዳድን አየች፤ ማዳም ራሳቸውን ነቀነቁላት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ወለሉ መሃል ቆመች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ከወገብ በታች አትንቀሳቀስም፣ ፊቷም አይስቅም፤ ትከሻዋ ብቻ የሚፈላ ድስት ክዳን ይመስል ይርገበገባል። የባንኩ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሁሉም አጨበጨቡ፣ ማዳም ውዳድም «የኔ ልጅ!» አሉ በኩራት፣ ራሳቸው ያስተማሯት ይመስል። እኔ ደግሞ ኮራሁ፤ የኔ ናት የማለት መብት እንደሌለኝ እያወቅሁ ኮራሁ። አያቷ፣ ማለትም አባቴ፣ ሲጨፍር እንዲሁ ነበር ይባላል።

በእምነት «በይ ማዳም ውቢን አለማምጂያት» አላት። አልጋነሽ ከኋላዬ መጥታ ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ጣቶቿ ግን ሙቅ ናቸው። ጆሮዬ ሥር ሆና፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ትንፋሽሽን አትያዥው፣ ሲያዝ ነው የሚገትረው» አለችኝ። ቀጠለችና «ለፅዮን ሠርግ ነው አይደል? ቤተ ክርስቲያን ልጆቹ ነገሩኝ። አይዞሽ፣ በሁለት ቀን አስለምድሻለሁ። የዚያን ዕለት ደግሞ አብሬሽ እነሳለሁ፣ ብቻሽን አትሆኚም» አለች።

እንደኛ ወግ ለዘመድ የሠርግ ካርድ አይሰጥም። ካርድ የባዳ ነው፤ ዘመድ ቤቱ ድረስ ተሂዶ በአፍ ይነገረዋል፣ ባይነገረውም ቤቱ ነውና ይመጣል። ልጅቷ ያን ወግ ይዛ ነው ራሷን የጠራችው። ለምን አልነገርሽኝም እንኳ አላለችኝም፤ ቅያሜም በድምፅዋ ውስጥ አልሰማሁም። እኔ ደግሞ የዚያ ቀለበት ዕለት አቶ ከበበው «እዚህ ከተማ ዘመድ አላችሁ?» ሲሉኝ «ያሉን ሁሉ ፈረንሳይ ናቸው» ብዬ የመለስኩ ሰው ነኝ። ማዳም ውዳድም ቆመው እያዩን ነው። «ቀስ በይ፣ ይሰሙናል» አልኳት። እጆቿ ትከሻዬ ላይ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ተነሡ። «እሺ ማዳም» አለችና ባዶውን የብርጭቆ ትሪ ይዛ ወጣች።

ለምሳ ሩዝ በበግ ቀረበ። ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ፤ ለማዳም ግን አስቀድሜ አልነገርኳቸውም፣ በየቤቱ እየሄዱ ይህን አልበላም ያንን አልበላም ማለት አይሆንልኝም። ሰሃኔን እየገፋሁ ሳለ አልጋነሽ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሽሮና ሁለት እንጀራ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ማዳም ውዳድ ገርሟቸው «እንደምትጾሚ በምን አወቀች?» አሉ። «እኛ ሁላችንም ዓርብ እንጾማለን» አልኩ። ሽሮው ቃሪያ የበዛበት፣ ልክ አባቴ ቤት እንደሚሠራው ነው። ጥርግ አድርጌ በላሁት። በልቼ ስጨርስ ነው ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ መሆኑ የታየኝ፤ በዚህ ቤት ደግሞ ከእኔ ሌላ ዓርብን የሚጾም ሰው አንድ ብቻ ነው። በዚያው ማዕድ ላይ፣ አእምሮዬ የት እንደነበረ እንጃ፣ ከቦርሳዬ የወርቅ ጽሑፍ ያለበትን የሠርግ ካርድ አውጥቼ ለማዳም ውዳድ ሰጠኋቸው። ከአቶ ከበበው ጋር በንግድ ይተዋወቃሉ፣ ሳልጠራቸው ብቀር ነውር ነው። አልጋነሽ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። ካርዱ ከእጄ ወደ እጃቸው ሲሻገር አየች፤ ከዚያ እጄን አስታጠበችኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ጫት መጣና ትምህርቱ ቆመ። በእምነት «ስታዥ ነው ወይስ በርጫ?» ብሎ አጉረመረመ፣ የሰማው ግን የለም። ሌሎቹ ጋደም ሲሉ ወደ ኩሽና ሄድኩ። እነግራታለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ነይ፣ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ አብረሽኝ ትነሻለሽ እላታለሁ ብዬ። ድስት ስታጥብ አገኘኋት፤ ፍራሿ ተጠቅልሎ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ቆሟል። «ምሳሽን በላሁብሽ» አልኳት።

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«አበሩ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሁልጊዜ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች። በየሳምንቱ ትመጣለች እላታለሁ።»

በመሬቱ ውስጥ ልግባ? የት ልግባ? ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ እንዳታዝን፣ እኔም እንዳልወቀስ፣ በውሸት ጠያቂ ስታደርገኝ ኖራለች። «ነይ» የምትል አንድ ቃል ለማውጣት አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ላይ ግን አቶ ከበበው ከነሚስታቸው ተደቀኑብኝ። ይህች ማን ናት ሲሉ፣ የማዳም ውዳድ ሠራተኛ አይደለችም እንዴ ሲባል፣ ያሉን ሁሉ ፈረንሳይ ናቸው ያልሽውስ ሲሉኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አልጋነሽ አየችኝና ራሷ አቀለለችልኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ። እረፍቴ በወር አንድ ዓርብ ነው፤ የዚህን ወር ስታዡ በላው። በምትኩ ማዳምን የሠርጉን ቅዳሜ ልጠይቃት ነው። የኔ ዐረብኛ ከውሃና ከእሳት አያልፍም፤ አንቺ አስተርጉሚልኝ። ዘመዴ ነሽ አልልም፣ ፈቃዱን ብቻ።» እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው፣ የእሺ ደሃ ሆኜ አላውቅም።

ዐሥር ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ሻይ ተጠጣ። ማዳም ውዳድ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ስታዡ ጥሩ ሄዷል፣ ፈረንሳዊቷ በሚቀጥለው ወር እህቷን አመጣለሁ ብላለች። ማዳም ክፉ ሴት አይደሉም፣ ይህን ልናገር። አልጋነሽ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ እጆቿን አጣምራ ወደኔ ዞረች። «ማዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅዳሜ ፈቃድ ይስጡኝ ብላለች ይበሉልኝ» አለች። ተረጎምኩ፤ በዐረብኛ ጀምሬ በፈረንሳይኛ ጨረስኩት።

«ለምን?» አሉ ማዳም።

«ሠርግ አለብኝ» አለች አልጋነሽ። ተረጎምኩ። ሙሐመድአሚን ጉንጫቸው በጫት እንዳበጠ ሳቁ፤ «ሠራተኛ ዘመዱ ወይ ይዳራል ወይ ይሞታል» አሉ።

«የማን ሠርግ?»

«የአክስቴ ልጅ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ማዳም ውዳድ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሁለት ዓመት እዚህ ስትኖር አንድ አክስት ይህን በር አንኳኩታ አታውቅም። የታለች አክስቷ? ስሟን ትንገረኝ፣ ስልኳን ትስጠኝ፣ እኔው ደውዬ እጠይቃታለሁ። እውነት ከሆነ ትሂድ፣ እኔ ሰው አላስርም።» ፍትሐዊ ንግግር ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማዳም እጅ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ተቀምጧል። እኔ ነኝ ማለት በየትኛውም ቋንቋ ረጅም አይደለም፤ አራቱንም እችላቸዋለሁ። ለአልጋነሽ «አክስትሽ ማን ናት፣ ስልኳን ስጪ ይላሉ» አልኳት፤ ራሴን ማን ነኝ ብዬ ጠየቅኋት ማለት ነው። ልጅቷ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ አይኖቿ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፣ ጥበቃ ብቻ ነበር። ጊዜ ሰጥታኝ ነበር። የባንኩ ሰውዬ ሻይ ፉት አለ፣ ፈረንሳዊቷ ስኳር አማሰለች።

«አክስቴ ሩቅ ናት በይልኝ» አለች አልጋነሽ በመጨረሻ።

ሩቅ ናት ትላለች አልኩ። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ።

«ሩቅ ያለች አክስት እዚህ ሠርግ ትደግሳለች?» ማዳም ሳቁ፣ አልተቆጡም። «የልጅሽ ሠርግም የዚያኑ ቀን አይደል እንዴ ውቢ? ስንት ሠርግ ነው በአንድ ቅዳሜ?»

«ጾም ሊገባ ስለሆነ የዚያን ቀን ሠርግ ይበዛል» አልኩ። እውነት ነው፣ ይበዛል። በእውነት እንዲህ ያለ ውሸት መዋሸት እንደሚቻል እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

ማዳም ውዳድ አሰቡ። ፊታቸው በራ፤ የደግ ሰው ሐሳብ ሲመጣለት እንደሚበራው። እጄን ያዙኝ። «ስሚኝ ውቢ። ይህች ልጅ ሠርግ አምሯታል፣ ጥፋት አይደለም፣ ወጣት ናት። አንቺ ደግሞ የሙሽራ እናት ነሽ፣ ሰሃን የሚያጥብ፣ ድስት የሚያወጣ ሰው ያስፈልግሻል። የዚያን ቅዳሜ ላንቺ አውሼሻለሁ። የኔ ስጦታ ይሁን፣ አንድ ፍራንክ አትከፍያትም። እሷም ሠርግ ታያለች፣ አንቺም ታርፊያለሽ።» ፈረንሳዊቷ «እንዴት ያለ ደግነት!» አለች። የባንኩ ሰውዬ ሚስት አጨበጨበች። ሙሐመድአሚንም ማሻላህ አሉ። እኔስ? «ሹክረን ማዳም» አልኩ። ከነፈገግታዬ አልኩ።

«በይ ንገሪያት እንጂ፣ ደስ ይበላት!»

ነገርኳት። ቅዳሜ ሠርግ ቤት እንድትሠሪ ለእኔ አውሰውኛል አልኳት። አልጋነሽ ጥምር እጆቿን ሳትፈታ ሰማችኝ። ፊቷ አልተለወጠም። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት እኔም አብሬ አለቅስና ሁሉም ነገር ይፈርጥ ነበር። አላለቀሰችም።

«ሽርጥ እዚያ ይሰጡኛል ወይስ ይዤ ልምጣ በይልኝ» አለች።

ለማዳም ውዳድ ተረጎምኩላቸው። ማዳም ከልባቸው ሳቁና ክንዴን ቸብ አደረጉኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ቤቱ ያንቺ፣ ሠርጉ ያንቺ። አንቺ መልሺላት።»

ሁሉም ፈገግ ብለው ወደኔ ዞሩ። አልጋነሽም ወደኔ ነበር የምታየው።

«ይዘሽ ነይ» አልኳት።